ኪቦርዴ በሰማንያ ሰው ፊት ቁጥር ሲተፋ

ቤተሰብ፣ ዛሬ የደረሰብኝን ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ቆማችሁ ከሰማችሁና ከወደቃችሁ እኔ የለሁበትም!

መጀመሪያ ግን ትንሽ ጉራ ይፈቀድልኝ።

ኪቦርድ ሠርቻለሁ። ገዝቼ አይደለም፣ ሠርቼ! ኦክላንድ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ፣ ከየቁልፉ ሥር ያለውን ስዊች አርባ ስምንቱንም በገዛ እጄ በጋለ ብረት ሶልደር አድርጌ። ሌባ ጣቴ ላይ ያለችው ጠባሳ ሜዳሊያዬ ናት።

ኦርቶሊኒየር ይባላል። ቁልፎቹ እንደ ሌላው ኪቦርድ ወደ ጎን ሸርተት አላሉም፤ እንደ እንቁላል ካርቶን ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። አራት ረድፍ፣ አሥራ ሁለት ዓምድ፣ አለቀ። ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ምን እንደገረመኝ ታውቃላችሁ? የፊደል ገበታም እንደዚያው ነው! ሀ ሁ ሂ ወደ ጎን፣ ሀ ለ ሐ ወደ ታች። ለካ ድሮም ኦርቶሊኒየር ነበርን፣ የነገረን ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ስለዚህ አማርኛን ጫንኩበት። ማሚ በአማርኛ ስታወራኝ እስከ አምና ድረስ በእንግሊዝኛ የምመልስላት እኔ፣ በዚህ ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ ተማርኩ። ይሄን የምታነቡትንም የጻፍኩት በሱ ነው። ያምራል አይደል? አዎ በሉ።

እሺ፣ ወደ ውርደቱ።

ሳን ሆዜ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ጸሐፊ ይፈልጋል። ለዓመታት ቃለ ጉባኤውን በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩት ጋሽ ታምሩ ዓይናቸው ደከመ። ሰብሳቢዋ እትዬ አስቴር ባለፈው ወር፣ ተተኪ ካልተገኘ ቃለ ጉባኤው በእንግሊዝኛ ይሆናል አሉ። ጋሽ ታምሩ ደግሞ ከመንጃ ፈቃድ ፈተናቸው ወዲህ እንግሊዝኛ አላነበቡም። እንደሳቸው ያሉ ብዙ ናቸው። የገዛ ማኅበራቸውን ወረቀት የልጅ ልጆቻቸው ሊያስረዷቸው ነው ማለት ነው።

እኔ እጄን አወጣሁ።

ሳቁ። እዚህ የተወለደ ልጅ መቼ አማርኛ ጽፎ ያውቃል አሉ። እትዬ አስቴር ግን፣ አንድ ስብሰባ ትሞክር፣ ካልሆነላት ወደ እንግሊዝኛው እንሄዳለን ብለው ዘጉት።

ያ ስብሰባ ዛሬ ነበር።

ጠዋት በ880 አውራ ጎዳና እየነዳች ማሚ ላፕቶፔን ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልያዝኩም። ሆን ብዬ! ፊደሉ በሙሉ ኪቦርዱ ውስጥ ስላለ የትም ብሰካው ይሠራል አልኳት። እንዴት ባለ ኩራት እንደነገርኳት ብታዩ!

አዳራሹ ሞልቷል፣ ሰማንያ ሰው ይሆናል። ኪቦርዴን የአዳራሹ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት፤ የምጽፈው ሁሉ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ይታያል። ቁልፎቹ ላይ አንድም ፊደል የለም። የቁልፎቹን ክዳን፣ ኪካፑን፣ ባዶ ነው የመረጥኩት፣ ለስታይል።

እትዬ አስቴር ስብሰባውን ከፈቱ። እኔም "ስብሰባ" ብዬ ጻፍኩ።

ግድግዳው ላይ የወጣው ይሄ ነው፦

1235 1265 1230 1263

ከኋላ አንዲት እናት፣ "የማን ስልክ ቁጥር ነው?" አሉ።

"ደውሉለትና መጥቶ ይጻፍልን" አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

የሆነውን ላስረዳችሁ። ኪቦርዴ ፊደል አይልክም፣ የፊደሉን መለያ ቁጥር ነው የሚልከው። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚቀይረው ቤት የቀረው ላፕቶፔ ነው። ሴቲንጉን ያስተካከልኩትም እኔ፣ የረሳሁትም እኔ! የአዳራሹ ላፕቶፕ ቁጥር ተሰጠው፣ ቁጥር አሳየ። ምን ይደረግ፣ ታማኝ ነው።

እሱ ላይ አማርኛ የሚባል ነገር የለም። በስልኬ እንዳልጽፍ፣ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ባለፈው አንዱ የስብሰባውን ጭቅጭቅ ላይቭ አስተላልፎት ነበርና።

ማሚን አየኋት። ጣሪያ እያየች ነው።

እትዬ አስቴር መነጽራቸውን አወለቁ። እንግሊዝኛው መጣ አልኩ በልቤ። ይሄኔ ጋሽ ታምሩ ቀስ ብለው ተነሥተው መጡና ደብተራቸውንና እስክሪብቶ ፊቴ አስቀመጡ።

"በይ በዚህ ጻፊ፣ የኔ ልጅ። ይሄ አይሰካም።"

ቀላል ነው፣ አይደል? አማርኛ እችላለሁ ብዬ የለ?

ቤተሰብ፣ ዋናው ውርደት ገና አሁን መጣ። እስካሁን ያለው ማስታወቂያ ነበር!

በእጄ አማርኛ ጽፌ አላውቅም። አንድም ቀን! ጣቶቼ "ስ" የት እንዳለች ያውቃሉ፣ እንዴት እንደምትሠራ ግን አያውቁም። ከላይ ነው የሚጀመረው ከታች? የመጀመሪያዋ "ስ" ሰክራ ወጣች። ሁለተኛዋ እሷ ላይ ተደገፈች። አንድ መስመር ሳልጨርስ እትዬ አስቴር ሦስተኛው አጀንዳ ላይ ደርሰዋል።

"ቆይ እስቲ አስቴር፣ ልጅቷ አልደረሰችም" አሉ ጋሽ ታምሩ፣ ከጎኔ እንደቆሙ።

እትዬ አስቴርም ደንብ አወጡ። ተናጋሪው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርና እኔን ይጠብቃል።

ሁሌ ግማሽ ሰዓት የሚናገሩት አቶ ግርማ ተነሡ። አንዷን ተናገሩ። ጠበቁኝ። አሁንም ጠበቁኝ። "በቃ ሐሳቤን ትቼዋለሁ" ብለው ተቀመጡ።

ተጨበጨበላቸው!

አራት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ስብሰባ በሰዓት ተኩል አለቀ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ደብተሩን አየሁት፦ ፊደሎቼ ጡጫ ያክላሉ፣ አንድ ገጽ ላይ የገቡት አምስት መስመር ብቻ ናቸው። የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ነው የሚመስለው። አልቅሼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ጋሽ ታምሩ ደብተሩን ወሰዱት። መነጽር አላደረጉም። ከመጀመሪያዋ ከሰከረችው "ስ" ጀምረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ማንም አልረዳቸውም።

ደብተሩን ዘጉና እትዬ አስቴርን፣ "እሷ ትሁን" አሏቸው። "በእጇ። ፊደሉን እንዳታሳንስ ንገሪልኝ።"

ስለዚህ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ! አማርኛው ተረፈልን!

ማሚ ደግሞ መኪና ውስጥ ሳንገባ ሰንበት ትምህርት ቤት አስመዘገበችኝ። የእጅ ጽሕፈት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአምስት ዓመት ሕፃናት ጋር።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ያቺ ትንሽ ወንበር ትችለኛለች ብላችሁ ታስባላችሁ?