ክቡር ሰብሳቢውና በጣት የሚነበበው ካርታ

በዚህ ከተማ ሁለት ሰዎች አብረው በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ ሦስተኛው ሰው ዕቅድ አውጪ ነው። መሥሪያ ቤት አለ፣ ዕድር ውስጥ አለ፣ የሠርግ ኮሚቴ ውስጥማ ሁለት ሦስት ሆኖ ይገኛል። ከኪሱ እስክሪብቶ፣ ከአፉ «እስቲ መጀመሪያ እንደራጅ» አይጠፋም። ሥራውን ሲሠራ ያየው የለም፤ ሥራው የት እንደደረሰ ግን ከእሱ በላይ የሚጠይቅ የለም።

የአምለሰት ዕጣ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። የእሷ ዕቅድ አውጪ አጎቷ ናቸው።

አምለሰት አትላስ አካባቢ፣ ታች ካፌ መሀል ላይ የጥርስ ሐኪም ባለበት ሕንጻ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ክፍሏ ውስጥ አንድ የሌዘር መቁረጫ፣ ሁለት ስሪዲ ፕሪንተሮችና ሃይደር የሚባል ትዕግሥተኛ የማሽን ባለሙያ አሉ። እሷ በኮምፒውተር ትስላለች፤ ማሽኖቹ ከእንጨትና ከፕላስቲክ ቆርጠውና አትመው ያወጡታል። አጎቷ አቶ ፀጋዘአብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር «ለአንድ ሳምንት ብቻ መጥቼ ላደራጅሽ» አሉ። ይህን ካሉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ። ረቡዕ የሰኞው ስብሰባ አፈጻጸም ይገመገማል። ሰብሳቢው አንድ፣ ተሰብሳቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሃይደር እጁን ሊታጠብ ከወጣ ምልዓተ ጉባኤ ጎደለ ተብሎ እስኪመለስ ይጠበቃል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ሥር አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ መጥረጊያው ማስቀመጫ ተወያይተው፣ ጉዳዩ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልገው ተስማምተው ተለያይተዋል። ሃይደር ከጀርባቸው «ክቡር ሰብሳቢ» ይላቸዋል። አንዴ አምልጦት ፊት ለፊት ብሏቸው ክው አለ። እሳቸው ግን ክራባታቸውን አስተካክለው «አቤት» አሉ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው መምህርት ሚርያም የመጣችው። ሲኤምሲ አካባቢ የዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ታስተምራለች፤ እሷም ዓይነ ስውር ናት። የፈለገችው በእጅ የሚዳሰስ የግቢውን ካርታ ነበር፦ መንገዶቹ ጎድጎድ ብለው፣ ክፍሎቹ ከነጣሪያቸው ከፍ ብለው፣ ስማቸው በብሬል ተጽፎ።

«አዲስ ልጅ ግቢውን እስኪለምድ ወር ይፈጅበታል» አለች። «ወር ሙሉ በሰው እጅ እየተጎተተ። እኔም እንደዚያ ነው የለመድኩት፤ ለማንም አልመኘውም።»

ካርታው ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መድረስ ነበረበት። በዚያ ሰዓት ሃያ ሁለት አዳዲስ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ግቢውን ሊተዋወቁ ይመጣሉ። ከሰኞ ጀምሮ ግን ልጆቹ ብቻቸውን ናቸው፤ ወላጆቻቸው የሉም። ሚርያም ከቢሮ የተሰጣትን የግቢውን ፕላን አስረክባ ሄደች።

ከሦስቱ ሳምንታት ዘጠኙን ቀን ዕቅዱ በላው። አቶ ፀጋዘአብ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ ሰንጠረዥ አዘጋጁ፤ ቁረጣው በቀይ፣ ኅትመቱ በሰማያዊ፣ ማጣበቁ በአረንጓዴ። ሃይደር አንዱ ሰሌዳ ስድስት ሰዓት ይፈጃል ሲላቸው «መጠባበቂያ ያስፈልጋል» ብለው ዘጠኝ ጻፉ። ረቂቁ ለውይይት ቀረበ። ከውይይቱ በኋላ የተሻሻለው ረቂቅ ቀረበ። ሌዘሩ ዳንቴል ለብሶ ጥግ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። በመጨረሻ ሥራው ሲጀመር መብራት በቀን ሁለቴ መጥፋት ጀመረ፤ የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ዕቅድ አያነብም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከስድስቱ ሰሌዳዎች አምስቱ ተቆርጠዋል፤ ከጣሪያዎቹ ግማሹ ገና ነው። አምለሰት ሁለት ቀን በደንብ አልተኛችም። ጣቶቿ በኮላ ተጣብቀው የቤተ መጻሕፍቱን ጣሪያ ይዛ ሳለ አጎቷ ፋይላቸውን ታቅፈው መጡ።

«አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቻለሁ።»

«ጋሼ፣ እጄ ላይ ኮላ አለ።»

«እሱን ነው የምልሽ። በዕቅዱ መሠረት ኮላው ትናንት ነበር። ለምን እንደዘገየን በጋራ እንገምግም፤ ሃይደር፣ ቃለ ጉባኤ ያዝ።»

አምለሰት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ የዘገየነው እርስዎ በወሰዱት ዘጠኝ ቀን ነው። እባክዎ ቤትዎ ይሂዱና እኛ እንሥራ።»

አቶ ፀጋዘአብ የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙ። «መልካም» አሉ። ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ሲወርዱ የደረጃው ላይ ኮቴያቸው ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ያን ቀን የሚያቋርጣቸው ሰው አልነበረም፤ ብዙ ሠሩ። አምለሰት ግን እፎይታው ሲመጣ ስትጠብቅ መሸ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ።

«እየቆረጣችሁ ነው?» አሉ አቶ ፀጋዘአብ።

«ጨርሰናል ጋሼ። እየለጠፍን ነው።»

«አቁሙ። በሩ የለም።»

ቤት መቀመጥ አልሆነላቸውም ኖሯል። ሲኤምሲ ነው የሚኖሩት፤ ቢያንስ ካርታው የሚቆምበትን አዳራሽ ልይ ብለው በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። በዋናው መንገድ በኩል በር ፈለጉ፤ ያገኙት አዲስ የግንብ አጥር ነው። ባለፈው ዓመት መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ ስምንት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በሩ ጎን ወዳለው ቅያስ ዞሯል። የተሰጣቸው ፕላን የድሮው ነበር።

አጠገባቸው የነበረችው ሚርያም ስልኩን ተቀበለች። «ወረቀቱን ቢሮ ሰጡኝ፣ ሰጠኋችሁ። ምን እንደተሳለበት እኔ በምን አውቃለሁ? ግን አምለሰት፣ አንድ ልጅ ይሄን ካርታ አምኖ ቢነሣ ከግንብ ጋር ነው የሚጋጨው።»

አምለሰት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሄዳ ግቢውን አላየችም። ፕላን ተሰጣት፤ ፕላኑን ሳለች።

«መልሱልኝ አጎቴን» አለች። «ጋሼ፣ ምን እናድርግ?»

እሳቸው አልተቆጡም፤ ስብሰባም አልጠሩም። ከጥበቃው ሜትር ተውሰው፣ የሚርያምን ክንድ ይዘው፣ በዝናብ ካፊያ ግቢውን ዞሩ። የለኩትን በስልክ ለሃይደር ያጽፉታል፤ «ከበሩ እስከ ቧንቧው ሃያ ሁለት ሜትር፤ በመምህርት ሚርያም እርምጃ ሠላሳ አራት። ቧንቧው ጋ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መሬቱ እዚህ ጋ ይወርዳል፣ እሷ ናት የነገረችኝ፤ እሱንም ጻፍ።» ሃይደር በሕይወቱ በዚህ ትጋት የያዘው ቃለ ጉባኤ የለም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ፀጋዘአብ ሱሪያቸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ አትላስ ከች አሉ። አምለሰት በሩና አጥሩ ያሉባቸውን ሁለት ሰሌዳዎች ሥዕል አስተካክላ ስትጨርስ ስምንት ሰዓት ሆነ። ሌዘሩ መቁረጥ ጀመረ። በአሥረኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ።

ሕንጻው ጄነሬተር አለው፤ የሚሠራው ግን ለካፌውና ለጥርስ ሐኪሙ ነው። አምለሰት ሁለት ዓመት ሙሉ አስተዳዳሪውን ለምና ያገኘችው መልስ «እናያለን» ብቻ ነው። አቶ ፀጋዘአብ ጭቃቸውን ሳያራግፉ ጠረጴዛ ያዙና ደብዳቤ ጻፉ። «ለክቡር የሕንጻው አስተዳዳሪ። ጉዳዩ፦ የኃይል አቅርቦት ትብብር ስለመጠየቅ።» ቁጥር ሰጡት፣ ቀን ጻፉበት፣ ከግርጌው «ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ» አከሉበት፣ ፈርመው ይዘው ወረዱ። አስተዳዳሪው እንዲህ ተከብሮ አያውቅም መሰለኝ። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ «ተፈቅዷል» ብሎ ጽፎበት፣ ቲተር ባይኖረውም ፊርማውን አሳምሮ፣ ራሱ ሄዶ ጄነሬተሩን አስነሣ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ሰሌዳ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት ካርታው አዳራሹ ውስጥ ቆመ። ወላጆቹ ዙሪያውን ከበቡት። እንቁ የምትባል የስምንት ዓመት ልጅ ቀድማ እጇን አሳረፈችበት። በሩን አገኘችው፤ ጣቷ መንገዱን ይዞ ወረደ፣ ቧንቧው ጋ ቆመ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ላይ ደረሰ። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ በትሯን ይዛ ወጣች። እናቷ ልትከተላት ስትል ሚርያም ክንዷን ያዘቻት። ከአዳራሹ ሆነው የልጅቱን በትር መሬት ሲመታ ሰሙ፤ ራቀ፣ ትንሽ ቆመ፣ እንደገና ቀጠለ። ቀጥሎ ከቤተ መጻሕፍቱ በኩል «እማዬ! ገብቻለሁ!» የሚል ጩኸት መጣ።

እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሮጠች ወጣች። ሌሎቹም ተከትለው ወጡ።

አምለሰት መሣሪያዋን ሰብስባ ራይድ ጠራች። ድካሙ አሁን ነው የመጣው። አጎቷን ለመጥራት ዞር ስትል ብቻቸውን ካርታው አጠገብ ቆመዋል። መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጣታቸው በመንገዱ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ረቡዕ ስለተናገርኩት ይቅርታ።»

«ዘጠኝ ቀን እውነትም በዛ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ጣታቸው ቀጠለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስንት ዕቅድ ያወጣሁ ይመስልሻል? የውኃ፣ የመንገድ፣ የጤና ጣቢያ። ወደ ላይ ይላካል። መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ይዋሃዳል። አዲስ ኃላፊ ይመጣል፤ እንደገና አቅድ እባላለሁ። አንዱንም ተሠርቶ አላየሁትም። ያቀድኩትን ነገር በእጄ ስነካ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

የአምለሰት ስልክ ጮኸ። ሹፌሩ ነበር፤ ደርሷል።

«ትንሽ ይጠብቁን ወንድሜ» አለችው፣ በቀስታ። ሁለት የተማሪ ወንበሮች ስባ አንዱን ለእሳቸው አስጠጋች፤ በአንዱ ላይ እሷ ተቀመጠች። አጎቷ ጣታቸውን አንሥተው እንደገና ከበሩ ጀመሩ።