የፊርማ አክስት

ተረት ልንገራችሁ። ሥራ የፈታ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ሥራ ያለበትም እየሠራ ይስማ።

ድሮ፣ እንስሳት ትምህርት ቤት በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ጫካ ውስጥ ርዕሰ መምህሩ ጋሽ ሰጎን ነበሩ። በሩጫ የሚቀድማቸው አልነበረም፤ በውሳኔም እንደዚያው። የትምህርት ቤቱን ጉባኤ ከሚዳቋና ከጥንቸል ጋር ሆነው ይመሩታል፤ ስብሰባው ተጀመረ ሲባል አልቆ ይገኛል።

እዚያው ሦስተኛ ክፍል አንድ ጃርት ይማር ነበር። ዝናብ ጉድጓዳቸውን አጥለቀለቀባቸውና አንድ ሳምንት ቀረ። ሲመለስ ክፍሉ ማካፈል ጀምሯል፤ እሱ ገና ማባዛቱንም በቅጡ አልያዘም። ተነስቶ ሲመልስ ተሳሳተ፣ ሳቁበት፣ በማግስቱ ቀረ። ከዚያማ መቅረቱን ለመደው። ጠዋት እናቱን ተሰናብቶ ይወጣና ቁጥቋጦ ሥር ተጠቅልሎ ይውላል።

ጉባኤው ወዲያው ወሰነ። "ሃያ ቀን ስለቀረ ለአስር ቀን ከትምህርት ታግዷል" አሉ ጋሽ ሰጎን። "ከዚያ በኋላ ወላጅ ይዞ ካልመጣ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል።" ልጁ ቀረ ብለው እንዲቀር ፈረዱበት፤ እንግዲህ ይህም ቅጣት ተባለ።

ጃርቱ ጨነቀው። ለእናቱ እንዳይነግራት፣ እሷ "ልጄ ተማረልኝ" እያለች ለጎረቤት ስታወራ ነው የምትውለው። ስለዚህ ሌሎች ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች የሚያደርጉትን አደረገ፤ ወላጅ ተከራየ። ወንዝ ዳር ወደምትኖረው እትዬ ኤሊ አንድ ራስ ጎመን ይዞ ሄደና "አክስቱ ነኝ ብለው ይፈርሙልኝ፣ ሌላ ምንም የለውም" ብሎ ለመናት።

አስሩ ቀን አልቆ ሁለቱ ቢሮ ሲቀርቡ፣ ጋሽ ሰጎን አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። "አክስቱ ከሆኑ እሾህዎ የታለ?"

"በጋብቻ ነው" አለች እትዬ ኤሊ፣ ኮስተር ብላ። ከዚያ "ዳግመኛ ቢቀር ተጠያቂዋ እኔ ነኝ" የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመች።

ጃርቱ እፎይ አለ። በማግስቱ ቁጥቋጦው ሥር ሊጠቀለል ሲሄድ ግን እትዬ ኤሊ ቀድማው ቁጭ ብላለች።

"እትዬ፣ ውላችን ትናንት አለቀ እኮ።"

"ጎመኑን በልቻለሁ፤ ቃሌን ግን አልበላም። ይልቅ ምንድን ነው እንዲህ የሚያሸሽህ?"

እንባው መጣ። "ማካፈል አላውቅም። ይስቁብኛል።"

"እኔም አላውቅም" አለች። "ሄደህ ተማርና ከሰዓት ለእኔ ታስረዳኛለህ። ለአንተ ስል እንዳይመስልህ፤ ከእህቴ ጋር ሰላጣ በተካፈልን ቁጥር የምታታልለኝ ይመስለኛል።"

የእትዬ ኤሊን አረማመድ ታውቁታላችሁ። በጠዋት ተነስተው ትምህርት ቤት እስኪደርሱ የማባዛት ሰንጠረዡን ከሁለት እስከ አስራ ሁለት ይወጡታል። አስተማሪዋን ጦጢትንም "በእረፍት ሰዓት ትንሽ እዪልኝ" ብላ ለመነቻት። ጦጢት እስከዚያ ቀን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ስላልነበረ ደስ ብሏት እሺ አለች።

አንድ ቀን ጃርቱ በፈተና ከአስር ሁለት አገኘና ሮጦ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። እትዬ ኤሊ እያለከለከች ደረሰች።

"ባለፈው ወር ስንት ነበርክ?"

"መቼ ተፈተንኩ?"

"እንግዲያው ሁለት ጨምረሃል። ና ውጣ፣ ቀሪውን ስምንት እንፈልገው።"

ሳቅ አለና ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልቀረም። ሰላጣውንም አካፍሎ አሳያት፤ እህትየው በእውነት ስታታልላት ኖራለች።

ዓመቱ አለቀና የካርድ ቀን ደረሰ። ጋሽ ሰጎን የጃርቱን ካርድ ከፍ አድርገው "ፈጣን ውሳኔያችን ፍሬ አፈራ፤ ጃርት ከአርባ ተማሪ ሰባተኛ ወጣ" ሲሉ፣ እሾህዋን ያበጠረች አንዲት እናት ጃርት ከበሩ ገባች።

"የልጄን ካርድ ልወስድ ነው።"

"ታዲያ ይቺ አክስቱስ?" አሉ ጋሽ ሰጎን፣ ከጃርቱ ጎን የቆመችውን እትዬ ኤሊን እያዩ።

ጃርቱ ሁሉንም ራሱ ተናገረ፤ መቅረቱን፣ ማፈሩን፣ ጎመኑን። ጥንቸል ስብሰባው ሳይከፈት "ያጭበረበረ ይባረር" ብሎ ፈረደ። ጋሽ ሰጎንም ካርዱን ሊቀድዱ ያዙት።

እናቲቱ ግን ወደ ልጇ ዞረች። "ከቁጥቋጦ ያወጣችህ እሷ ናት?"

"አዎ እማ።"

"እንግዲያው አክስቱ ናት" አለች ለጉባኤው። "የእኔን ቤተዘመድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይናገር።"

ካርዱ ሳይቀደድ ለእናቲቱ ተሰጠ፤ ጃርቱም አራተኛ ክፍል መግባቱ ተረጋገጠ። ጋሽ ሰጎን ግን እንዲህ በቀላሉ ዝም የሚሉ አይደሉም። ጉሮሯቸውን ጠርገው "ከዛሬ ጀምሮ የቀረ ተማሪ ሁሉ እትዬ ኤሊን ይዞ ይምጣ" ብለው ወሰኑ። ጉባኤው አጨበጨበ።

እትዬ ኤሊ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"ጋሽ ሰጎን፣ ያ ቁጥቋጦ ከቢሮዎ መስኮት ይታያል። እኔ ኤሊዋ ከወንዝ ዳር ተነስቼ ደረስኩ። እናንተን ፈጣኖቹን ምን አዘገያችሁ?"