በቀዩ ፋኖስ ሥር የተነሣ ፎቶ

ሥልጣኔ ወደ አንድ ከተማ የምትገባው በመንገድ ነው ይባላል። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው፣ ስሟን ለክብሯ ስንል ወደማንጠራት ትንሽ ከተማ ግን ሥልጣኔ ቀድማ ገባች፤ መንገዱ በኋላ ተቆፈረላት። ይህ ታላቅ ነገር የተፈጸመው በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ቡና በሚለቀምበት በጥቅምት ወር፣ በከተማዋ ሊቀመንበር በጓድ ኃይለጊዮርጊስ አርቆ አሳቢነት ነበር።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ለሁለት ሳምንት ሴሚናር አዲስ አበባ ተልከው ነበር። ከሴሚናሩ ሁሉ ልባቸውን የነካው ግን ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ያዩት የትራፊክ መብራት ሆነ። "ጓዶች፣ አይናገር፣ አይማታ፣ ዓይኑን አቅልቶ ብቻ ያን ሁሉ መኪና ቀጥ ያደርገዋል!" ብለው ለስብሰባው ሲያስረዱ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ስብሰባው አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ለማጨብጨብ የጎረቤት ማጨብጨብ በቂ ምክንያት ስለነበረ ማን እንደጀመረው አልታወቀም።

እርግጥ ጥቃቅን ችግሮች ነበሩ። በከተማዋ ያሉት መኪኖች የሊቀመንበሩ ላንድሮቨርና የገበሬዎች ማኅበሩ አሮጌ ፊያት ብቻ ናቸው። የመብራት ሞተሩም ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አይነሣም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መብራት መስቀለኛ መንገድ ይፈልጋል፤ የከተማዋ መንገድ አንድ ነው። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉ ሊቀመንበሩ። በማግሥቱ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ በወይዘሮ ማናልሞሽ የጎደሬ ማሳ መካከል አርባ ሜትር መንገድ ቆረጠ። መንገዱ ከዋናው መንገድ ይነሣና የወይዘሮ ማናልሞሽ ሽንት ቤት በር ላይ ያልቃል። በዚያ በኩል የመጣ መኪና የለም፤ ወደፊት ለሚመጣው ቅድሚያ ለመስጠት ሲባል ግን ሌላው ሁሉ እንዲቆም ተወሰነ።

የኤሌክትሪኩን ነገር ፋኖስ ፈታው። በረጅም ግንድ ላይ ፊቱን ወደ ከተማዋ መግቢያ ያዞረ ሣጥን ተሰቀለ፤ አንዱ ብርጭቆው ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ የተቀባ ሁለት ፋኖሶች እየተፈራረቁ በገመድ እንዲሳቡበት ተደረገ። ገመድ መሳቡ ለሴቶች ማኅበሯ ለአስካለች ተሰጠ። ከገመዱ ጋር አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ መዝገብ ተረከበች። ቀዩ ግማሽ ሰዓት፣ አረንጓዴው ሁለት ደቂቃ እንዲቆይ ታዘዘች። "ቀዩ አልበዛም?" ብሎ የጠየቀ አንድ መምህር "ጓድ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" የሚል መልስ ተሰጠው። መምህሩንም ከዚያ በኋላ ምንም አላስቸኮለውም።

ቀዩን የሚጥስ ሰው በምን ይያዝ? የሚለው ብዙ አከራከረ። ፖሊስ እንዳይቆም ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሁሉም በጋብቻ፣ በክርስትና ልጅ፣ ካልሆነም በዕድር የተሳሰረ ነው። ጠዋት አንድ ጥፋተኛ የያዘ ፖሊስ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጁ ላይ "ስለ እኛ ብለህ" እያሉ ይቆሙበታል። "ካሜራ ግን ሽማግሌ አይቀበልም!" አሉ ሊቀመንበሩ። የከተማዋ ብቸኛ ካሜራ የፎቶ ቤቱ ባለቤት የጀይላን ስለነበረች፣ ጀይላን ሦስት እግር ያላትን ካሜራውን ተሸክሞ ከጥቁር ጨርቋ ጋር መስቀለኛው መንገድ ዳር ተተከለ።

ሕጉንም ሊቀመንበሩ ራሳቸው አረቀቁት፦ "በቀይ ፋኖስ ጊዜ በመስቀለኛው መንገድ ክልል ውስጥ በፎቶግራፍ የተገኘ ማንኛውም ግለሰብ፣ አሽከርካሪ ከሆነ መንጃ ፈቃዱን፣ ኃላፊ ከሆነ ኃላፊነቱን ይነጠቃል።" የመጨረሻዋ ሐረግ ለአነባበብ ታምራለች ተብላ የገባች ናት።

ሸምሱ የማኅበሩ ፊያት ሾፌር ነው። ያችን መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ስምንት ዓመት በረዳትነት ጭነት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወድቋል። በፕላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይይዛታል፤ ሲተኛም ሸሚዙን ትራሱ ሥር ነው የሚያደርገው። ሚስቱ ዙሌይካ "እኔንም እንዲህ ጠቅልለህ በያዝከኝ" እያለች ትቀልድበታለች።

የዚያን ቀን ሸምሱ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአርባ ገበሬዎችን እሸት ቡና ጭኖ ፋኖሱ ዘንድ ደረሰ። መፈልፈያው ከከተማዋ ወዲያ ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አይሆንም። ፋኖሱ ቀይ ነበር። ሸምሱ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ቢወርድ ገመዱ ከችካሉ ጋር ታስሯል፤ አስካለች የለችም። ሊቀመንበሩ "ስለ ሰዓት አክባሪነት" የጠሩት ስብሰባ ላይ ናት።

እጁን እሸቱ ውስጥ ከተተ፤ ሞቅ ብሏል። ግራና ቀኝ አየ። በአዲሱ መንገድ በኩል ከወይዘሮ ማናልሞሽ ዶሮ በቀር የሚመጣ የለም። "ቢስሚላህ" ብሎ ሞተሩን አስነሣና አለፈ።

"ቁም! ቁም አንተ!" ጀይላን ከጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ጭንቅላቱን አወጣ።

ሸምሱ መኪናውን አቁሞ ወረደ። "አነሣኸኝ?"

"ምኑን አነሣሁህ! ተንቀሳቀስክብኝ እኮ!" አለ ጀይላን ተቆጥቶ። "ይቺ ካሜራ ሦስት እስኪቆጠር የሚቆም ሰው ነው የምታውቀው። ሙሽራ እንኳ ትንፋሹን ይዞልኛል። በል ተመለስና ቀስ ብለህ ጣስ።"

"ጀይላን፣ አብረን ቁርዓን የቀራን ሰዎች፤ ፎቶው ላይ ካልወጣሁ ተወኛ።"

"ወላሂ ብተውህ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ፊልም አባክነሃል፤ ለፊልሙ ምን ብዬ ልፈርም?"

መንግሥት ለሰጠው ፊልም መፈረም ቀልድ አልነበረምና ሸምሱ ተመለሰ። ፊያቱን በመስቀለኛው መንገድ መካከል፣ ከቀዩ ፋኖስ ሥር፣ እንደ አጥፊ አድርጎ አቆመው። በዚያች ከተማ ደግሞ ሳይዘጋጅ ፎቶ የሚነሣ ሰው የለም፤ ነውር ነው። ጀይላን የከተማው ግማሽ የተነሣበትን የፎቶ ቤቱን ኮትና ክራቫት አውጥቶ አለበሰው፣ ፀጉሩን አበጠረለት፣ "አገጭህን ቀና፣ መሪውን ያዝ፣ የምትቸኩል ምሰል ግን አትንቀሳቀስ" አለው። ካሜራ መተከሏን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ነፃ ፎቶ ነው፤ ሰው ጭቃ መከላከያው ላይ ወጣ፣ እሸቱ ላይ ተቀመጠ። ከስብሰባ የተመለሱት ሊቀመንበሩም ላንድሮቨራቸውን አቁመው ወረዱ። ካሜራ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ መሪ የለምና ሕዝቡን በክርናቸው ገፋ ገፋ አድርገው መሐል ገቡ፤ አንድ እጃቸውን በፊያቱ አፍንጫ ላይ አሳርፈው ደረታቸውን ነፉ።

"አንድ... ሁለት... ሦስት!"

ፎቶው እንደተነሣ ሊቀመንበሩ ወደ ሸምሱ ዘወር አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "መንጃ ፈቃድህን።"

ሸምሱ ፕላስቲኩን ፈትቶ ሰጣቸው። እሸቱ እዚያው ቦካ። ከሊቀመንበሩ በቀር ሌላ መንዳት የሚችል ሰው ስለሌለ በማግሥቱም የተለቀመው በየገበሬው ደጅ ተከምሮ ይሸት ጀመር። ሸምሱ ቤቱ ተቀምጦ ባዶ ኪሱን ይዳብሳል። እንጀራው ተነጥቋልና ዙሌይካም መቀለዱን ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ጉዳዩ በአዳራሹ ታየ። ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ተነሡ። "ጓዶች! ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ፎቶግራፍ ግን አይዋሽም! እነሆ ሸምሱ፣ እነሆ መኪናው፣ እነሆ ቀዩ ፋኖስ!"

ዙሌይካ ከሴቶቹ መቀመጫ ተነሥታ ተጠጋችና ፎቶውን አየች። "ክራቫቱ እንዴት አምሮበታል" አለች በመጀመሪያ። ቀጥላም፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀዩ የትኛው ነው?"

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። የሸምሱ ኮት ግራጫ ነው። እሸቱ ግራጫ ነው። ፋኖሱም ግራጫ ነው። የጀይላን ካሜራ ከተሠራች ጀምሮ ጥቁርና ነጭ እንጂ ሌላ አታውቅም፤ ይህን ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

ሊቀመንበሩ ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ጀይላን የሙሽሮችን ፎቶ በቀጭን ብሩሽ ከንፈራቸውን ቀይ፣ ጉንጫቸውን ሮዝ እያደረገ እንደሚቀባ ትዝ አላቸው። "ቀለምህን አምጣ! እውነቱን ቀባው!"

ጀይላን ቀለሙን አመጣ፣ ብሩሹን ምላሱ ላይ አሾለ፣ ቀዩን ነከረ። ከዚያ እንደ ደንበኞቹ ሁሉ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ "እግረ መንገዴን የእርስዎንም ከንፈር ትንሽ ላቅላው?" አለ።

"የእኔን ምን?"

"ይኸው እዚህ፣ ከፋኖሱ ሥር። ከሁሉ ጥርት ብለው የወጡት እርስዎ ነዎት፤ አልተንቀሳቀሱም።"

ጸሐፊው ዓባይነህ ሥራው ሕግ ማንበብ ስለሆነ፣ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ አነበበ። "...በመስቀለኛው መንገድ ክልል ውስጥ በፎቶግራፍ የተገኘ ማንኛውም ግለሰብ... ኃላፊ ከሆነ ኃላፊነቱን ይነጠቃል። አራት ነጥብ።"

ከብሩሹ ጫፍ ቀዩ ቀለም ጠረጴዛው ላይ ጠብ ሲል ተሰማ።

"አረንጓዴ ቀባው" አሉ ሊቀመንበሩ።

"አረንጓዴ?"

"በዚያን ሰዓት አረንጓዴ ነበር። እዚያው ቆሜ እንዴት አላውቅም?"

"በመዝገቤ ላይ ግን ቀይ ነው" አለች አስካለች ከኋላ። "እርስዎ ስብሰባ ሲጠሩኝ በቀይ አስሬው ነው የሄድኩት።"

"እንግዲያው መዝገብሽ ከፎቶው ጋር ይጋጫል" አሉ ሊቀመንበሩ። "ፎቶግራፍ አይዋሽም ተብሏል።" ውሳኔውም ወዲያው ተጻፈ። አስካለች አረንጓዴ ፋኖስን ቀይ ብላ በመመዝገቧ ከገመዱ ተነሣች። ወደፊትም በፋኖሱና በፎቶው መካከል ልዩነት ከተፈጠረ የፎቶው ቀለም የጸና ይሆናል። ሸምሱ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ፤ ነፃ የወጣበትም ፎቶ፣ ፋኖሱ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ፣ ከጀርባው ማኅተም ተመትቶበት ተሰጠው። የሊቀመንበሩ ቅጂ በቢሮ ፋይል ውስጥ ታሸገ። ሸምሱ ከአዳራሹ ሲወጣ ፕላስቲኩን ከደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ ነበር፤ ደስታው እንባ አመጣበት።

በሳምንቱ የአስካለችን ሥራ የሚጎበኝ፣ ይቅርታ፣ የሊቀመንበሩን ሥራ የሚጎበኝ ትልቅ እንግዳ ከአውራጃ መጣ። ሊቀመንበሩ እስከ ከተማዋ መግቢያ ድረስ ሄደው ተቀበሉትና በላንድሮቨራቸው ይዘውት ሲመጡ ፋኖሱ ቀይ ነው። ቆሙ። አስካለች ከተነሣች ወዲህ ምትክ አልተቀጠረም፤ ፋኖሱ ጋዝ ይሞላለታል እንጂ አይለወጥም።

"ድንቅ ነው" አለ እንግዳው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ "መቼ ይለወጣል?" አለ። ካፊያ ጀመረ።

ከኋላቸው ሸምሱ እሸት ጭኖ መጣ። ቀዩን አየ፣ ከኪሱ ፎቶውን አውጥቶ በመስኮት ብቅ አደረገና እያሳየ አለፋቸው።

"ይሄኛውስ?" አለ እንግዳው ደንግጦ።

"እሱ አረንጓዴ አለው" አሉ ሊቀመንበሩ።

"እርስዎ የለዎትም?"

"አለኝ እንጂ። ቢሮ ነው።"

"ቢሮው የት ነው?"

ሊቀመንበሩ ከቀዩ ፋኖስ ወዲያ ያለውን ቆርቆሮ ቤት በአገጫቸው አመለከቱ።

በመንገዱ ዳር፣ ከግንዱ ሥር፣ አስካለች ሙዝ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሊቀመንበሩ መስታወቱን ዝቅ አደረጉ። "አስካለች፣ እስቲ ያን ገመድ ሳብ አድርጊልን።"

"ያለ ደብዳቤማ እንዴት እነካዋለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

"ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።"

"ማኅተሙስ?"

ሊቀመንበሩ ወደ ቢሯቸው አዩ። ማኅተሙ መሳቢያው ውስጥ ነው። እንግዳው ሰዓቱን አየ።

"ሙዝ ይግዙ እንጂ" አለች አስካለች። "ቀዩ ገና ነው።"