ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት እርምጃ

ማልዲቭ ውስጥ ሰው በሚኖርበት ደሴት ሁሉ ከመንግሥት በላይ አውቃለሁ የሚል አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። የምክር ቤት አባል ይቀየራል፣ ወደብ ይቆፈራል፣ ሚኒስትር ይሻራል፤ ሽማግሌው ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። የእኛዋ ሙሊፋሩ ግን ዕድሏ ሆኖ የደረሳት መቀመጥ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። ክቡር ኡመርፉልሁ ይባላሉ። ፊት ለፊት ኡመርቤ እንላቸዋለን፤ "ቤ" ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው።

ክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ በባሕሩ ዳር ደሴቲቱን እየዞሩ እርምጃቸውን ቆጥረዋል። ቁጥሩንም ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ሲቆጥሩ ሰላም የሚላቸው ሰው ወዮለት! አንድ ጎረቤታችን ሚስቱን ምጥ ይዟት እየሮጠ፣ "ኡመርቤ፣ አዋላጇን አይተዋታል?" ቢላቸው፣ "ሺህ አራት መቶ ሁለት!" ብለው ጮኹበት። የዚያን ቀን የተወለደችውን ልጅ እስከ ዛሬ ሺህ አራት መቶ እያልን ነው የምንጠራት።

መሐንዲስ በመጣ ቁጥር ከኋላው ኮቴ ኮቴውን ይከተላሉ። "ገመድ ይሳባል፣ ወረቀት ይቀደዳል፣ እግር ግን አይዋሽም!" ይሉታል። ምክር ቤቱ የደሴቲቱን ስፋት ጽፎ ጀልባ ማቆሚያው ላይ የሰቀለውን ሰሌዳ ሦስት ጊዜ በኖራ አጥፍተውታል። ወንዶቹ መስጊዱ አጠገብ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የአሬካ ፍሬ ሲያኝኩ እሳቸውም አንዳንዴ ይቀላቀላሉ፤ ግን ፍሬው ሳይደቅ ተነሥተው ይሄዳሉ።

እኔ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ ከዋና ከተማችን ከማሌ አንድ ቅጽ ደረሰን። ባሕር ለሚሸረሽራቸው ደሴቶች የድንጋይ ግንብ ይሠራል፤ ነገር ግን ባሕሩ ምን ያህል እንደወሰደ የብዙ ዓመት ልኬት ይቅረብ ይላል። እኛ ጋ ዓይን ላለው ሰው ልኬት አያስፈልግም ነበር። የኳስ ሜዳችን ምዕራባዊ ጫፍ ሄዷል፤ የማዕዘን ምት የሚመታ ተጫዋች ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚመታው፣ እኛም እንስቃለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የብዙ ዓመት ልኬት ያለው ግን የኡመርፉልሁ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ደብተራቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ ትናንት ድረስ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት። አንዳንዴ አምስት ቢጨምር፣ ሌላ ጊዜ ስድስት ቢቀንስ ነው።

"ኡመርቤ፣ ማዕበሉ የወጥ ቤትዎን ደፍ እየላሰ ምንም አልጎደለም ይላሉ?" አልኳቸው።

"በዚህ ሲወስድ በዚያ ይመልሳል። አሸዋም እንደ እኔ ነው፤ መቀመጥ አይወድም።"

"በዚህ ደብተር እኮ ግንቡን ያስቀሩብናል!"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ ልጅ፣ ጎደለች ካልን ግንብ የሚሰጡን ይመስልሻል? ጠቅልላችሁ ወደ ትልቁ ደሴት ግቡ ነው የሚሉን።"

እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው።

የመንግሥት ለኪው ኢያስ ልኬታችንን ሊያይ ከማሌ የመጣ ዕለት፣ የመጀመሪያውን ደብተር ሳገላብጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ "ከመስጊዱ በር እስከ ጉድጓዱ፣ ሰማንያ እርምጃ።" መስጊዱም ጉድጓዱም ደሴቲቱ መሐል ናቸው፤ ባሕር አይነካቸውም።

"ኡመርቤ፣ እስቲ ይህችን ለእንግዳው ይለኩለት" አልኩ።

ደስ ብሏቸው ጀመሩ። ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሰማንያ ሲሉ ጉድጓዱ ገና ከፊታቸው ነበር። ድምፃቸው ቀነሰ። ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ ዘጠና ሁለት ሆነ።

"ኡመርቤ፣ ጉድጓዱ ሸሸ እንዴ?" አለ አንዱ ከጥላው ሥር። ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ምነው ባልጠየቅኳቸው አልኩ።

እግራቸውን ብዙ አዩት። "እርምጃዬ ነው ያጠረው" አሉ። "ለካ ደሴቷ ስታንስ እኔም አብሬያት አንሼ ነው ቁጥሩ አንድ የሆነው።"

ኢያስ አሰላው። በድሮው እርምጃቸው ቢሆን ዙሪያዋ ዛሬ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሰባት ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ እርምጃ አጥተናል። ደብተሩን ዘግተው ይወስዱታል ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን ለኢያስ ሰጡት።

"ጻፍ" አሉት። "ደሴቷ ጎድላለች፣ ሰዎቿ ግን አልጎደሉም ብለህ ጻፍ። ጭኖ የሚወስደን ጀልባ የላኩ እንደሆነም እኔን አስቀድሞ ይያዝ፤ መያዝ ከቻለ!"

መልሱ ገና አልመጣም። መቆጠሩ ግን አልቀረም፤ ክቡርነታቸው ቆጠራውን ለእኔ አስረከቡኝ። "ወጣት እግር ነው የሚያስፈልጋት" አሉ፣ እንደ ሹመት። በየማለዳው አብረን እንዞራለን። እኚህን ሰው እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ስንት ዓመት እንዳማረርኳቸው ሳስበው አፍራለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ እንዳይቀሩብኝ ብዬ እርምጃዬን ከእርምጃቸው ጋር አስተካከልኩ። ሦስት መቶ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"እግርሽን አታሳጥሪ! የሌለንን መሬት እየሰጠሽን ነው።"

"ብቻዎን ልተውዎት ነው እንዴ?"

"ቅደሚ። እኔ እደርሳለሁ።"

ቀደምኳቸው። ከኋላዬ እንዲሰሙኝ ግን ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።