ደመናው ከላይ ነው ከታች?

በየከተማው አንድ ጠያቂ አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ሟቹ በምን እንደሞተ፣ ሰርግ ቤት ጥሎሹ ስንት እንደሆነ ካልጠየቀ እህል የማይወርድለት ሰው። የጅግጅጋው ግን የሚጠይቁት ስለ ሰማይ ነው። ከአውሮፕላን የወረደ ሁሉ አያመልጣቸውም፤ ሙሽራ እንኳ አላመለጠም።

ክቡር ጋሽ ቀናው ይባላሉ። በሜትሮሎጂ ጣቢያ ሃያ ምናምን ዓመት ዝናብ ለክተዋል። የት ነው የሚሠሩት ሲባሉ "አየር" ብለው ማሳጠር ይወዳሉ። እሳቸው የአየር ጠባይ ማለታቸው ነው፤ ከተማው የሰማው ግን አየር መንገድ ነው። ስለዚህ ትኬት ያጣ ሁሉ ደጃቸው ይቆማል። ተሳስታችኋል ብለው አይመልሱትም። አብረውት ትኬት ቢሮ ሄደው ይሰለፋሉ፣ ይለማመጡለታል፣ መስኮት ዳር ያስይዙለታል። ከዚያ ሰውየው ገና ከመውረዱ ስልኩ ይጮኻል። ደመናው ከላይ ነበር ከታች? የት ጋ ተንገጫገጨ? ካራማራ ተራራ ላይ ጠቁሮ ነበር?

ጨርቅ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ባቱሎ፣ ወላሂ ዓይኔን የገለጥኩት አዲስ አበባ ስደርስ ነው ብትላቸው፣ የጨፈንሽው ከየት ጀምሮ ነው ብለው ጠየቁና "ከሐረር በላይ፣ ከባድ መናወጥ" ብለው መዘገቡ።

እኔ ለሥራ በየወሩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ችግሬ፣ ቀበቶ ሳስር እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ስለዚህ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ነጭ ደመና፣ ከታች፣ ሐረር አካባቢ ትንሽ ተንገጫገጨ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህችኑ ደመና አቀረብኩላቸው።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የነገረኝ የአይሱዙ ሾፌሩ ዋበሪ ነው። በ1996 ሚያዝያ፣ አንድ ቀን በማለዳ ወደ ደገሀቡር ሊወጣ ሲል እንደ ልማዱ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ መንገዱ እንዴት ነው አላቸው። ጋሽ ቀናው ቀና ብለው አዩ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ሂድ አሉት። ከተራራው ወዲያ ግን ሲዘንብ ነው ያደረው። ዋበሪ መንገዱን የሚያቋርጠው ደረቅ ወንዝ መሐል ሲደርስ ደራሽ ጎርፍ መጣ። መኪናውን ወሰደው፤ እሱ ግራር ላይ ወጥቶ ሁለት ቀን ተቀመጠ።

ዋበሪ ይህን እየሳቀ ነው የሚያወራው። ጋሽ ቀናው ግን ወሬው ሲጀመር ተነስተው ይወጣሉ። ከዚያ ወዲህ ሾፌርን ሂድ ብለውት አያውቁም። ከመሬት ሆኖ የሚታይ ሰማይ ግማሽ ነው ይላሉ፤ ግማሹን ከእኛ ከተሳፋሪዎቹ ይለቅማሉ።

በ2008 ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ ለሥልጠና መጣ። መንገደኛ የሚያመላልሱ አውሮፕላኖች ሲወጡም ሲወርዱም ነፋሱንና ሙቀቱን ራሳቸው እየለኩ ለትንበያ ማዕከል እንደሚልኩ፣ ትንበያውም በዚህ እየተሻሻለ እንደሆነ አስረዳ። እኔ ለጋሽ ቀናው ሆዴ ባባ፤ ሥራቸውን የቀማቸው መስሎኝ። እሳቸው እቴ! ይሄን ያህል ዓመት ብቻዬን አልነበርኩማ እያሉ እንደ ልጅ ፈነደቁ። በወሩ ከማዕከሉ የመጣውን ትንበያ ይዘው ዋበሪን ዛሬ አትሄድም አሉት። ዋበሪ ሰማዩ ጥርት ማለቱን እያየ፣ እያጉረመረመ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ፈሰሰ።

እኔም በበኩሌ ተገላገልኩ አልኩ። በሳምንቱ አዲስ አበባ አርፌ ስልኬን ስከፍት ጮኸ።

"ደመናው ከላይ ነበር ከታች?"

አላስቻለኝም። "ጋሽ ቀናው፣ ይቅር ይበሉኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ዋሽቼዎታለሁ። እተኛለሁ እንጂ ደመና አይቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ። በጋም ክረምትም ያው አንድ ደመና ነው የምታየው። ያንተን መዝግቤውም አላውቅ።"

"ታዲያ ለምን ይደውላሉ? አሁን እንኳ አውሮፕላኑ ራሱ ይነግርዎት የለ?"



"አውሮፕላኑ የሚነግረኝ የሰማዩን ነው። ዋበሪን ሁለት ቀን ሞቷል ብዬ ነው የጠበቅኩት፤ ያኔ ሞባይል የለ፣ ምን የለ። በደህና ደረስክ ወይ ብዬ ሁሉ ጋ ብደውል ደግሞ ሽማግሌው ያሟርታል ትሉኛላችሁ። ደመና ብጠይቅ ማን ይቀየመኛል?"

ምን ላድርግ፣ ሰውዬውን እወዳቸዋለሁ።

"ደርሻለሁ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉና፣ ስልኩን ሳይዘጉ እስክርቢቶ ፈልገው "ደርሷል" እያሉ ሲጽፉ ሰማኋቸው።