የሞላ ዘበኛ

ነገር ሲቀልለት የሚከፋው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚሁ ላሊበላ አንድ አውቃለሁ፤ ልብስ ሰፊው ወዳጄ ሞላ። ባዶ ባጃጅ እየለመነው ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ በእግሩ ይሄዳል። በጾም ሌላው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ሲቀምስ እሱ አስራ አንድን ይጠብቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ጌም ቤት ሲገባ ምን ይመርጣል? «በጣም ከባድ» የሚለውን ደረጃ ነዋ! የሰይፍ ጨዋታውን ከጀመረ ወራት አልፈዋል፤ የመጀመሪያውን በር ዘበኛ ግን እስካሁን አላለፈም። እኛ «ቀላል» ላይ አድርገን፣ አንዷን ቁልፍ እንደ በርበሬ እየወቀጥን ጨርሰነዋል። ስለ ውጊያው ምን አወቅን? ምንም! ሞላ ግን ዘበኛው ትከሻውን ሲነቀንቅ ማታለሉ እንደሆነ፣ ሲያፈገፍግ ደግሞ ሊዘል እንደሆነ ያውቃል። የሚስቱን ጠባይ እንኳ እንዲህ አላጠናም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያተኛው ገባና ወረፋው ረዘመ። ሞላ ውሃ ሊጠጣ ብድግ ሲል፣ የጌም ቤቱ ባለቤት ዘሃራ ቀስ ብላ ጨዋታውን ወደ «ቀላል» አወረደችው። ሞላ ተመልሶ አንዴ ሰነዘረ፤ ዘበኛው ተዘረረ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የሞላ ፊት ግን ጠቆረ።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሽ ሞላ! በሩ ተከፈተልዎት እኮ፣ አይገቡም?» አለች ዘሃራ።

«የት ነው የምገባው? ይሄ ሰው በአንድ ምት የሚወድቅ አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ዛሬ አሞት ነው።»

መጫወቻውን አስረከባትና ወጣ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ።

«ሲሻለው እመለሳለሁ።»