ሻንቶን ያሳለፈው ልቦለድ

ለማንበብ የሚቀል ልቦለድና አዲስ ደራሲ ጠቁሚን ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እጠቁማለሁ። ግን ቀላል መጽሐፍ የሚንቁ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ?

አቶ ማርቆስ፣ ሶዶ ከተማ የሠራሁበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ለቤተ መጻሕፍቱ የመረጥኳቸውን የፍቅር ልቦለዶች «ቁም ነገር የላቸውም» ብለው መጋዘን ውስጥ ቆለፉባቸው። እኔ ደግሞ ቶሎ አልረሳም።

ባለፈው ወር ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። መንገዳችን ላይ ባለችው ሻንቶ ከተማ ወርደው፣ የሽማግሌዎች መሪ ሆነው ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ነው። እኔ የምወርደው ከሻንቶ አልፌ ነው። የአንዲት አዲስ ደራሲ ቀጭን ልቦለድ ይዣለሁ።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ዛሬም ይኸንኑ?» አሉ። «እስቲ ያምጡት፣ ኅትመቱን ልየው።»

ኅትመቱን ሲያዩ ሲያዩ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ረዳቱ «ሻንቶ ወራጅ አለ?» ብሎ ሁለቴ ጮኸ። አቶ ማርቆስ ገጽ ገለጡ። እኔ ምን ቤት ነኝ? በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ስልካቸው ሲጠራ ሻንቶ ከኋላችን ርቃለች።

«አዎ፣ አዎ፣ በሩ ላይ ነኝ!» አሉና መጽሐፌን እንደያዙ ወረዱ።

የልጅቷ ቤተሰቦች ሁለት ሰዓት ጠበቁ አሉ። ደግነቱ ልጅቷ ተሰጠች፤ እኔም ደስ ብሎኛል።

በሳምንቱ መጽሐፉን ሊመልሱ ቤቴ መጡ። አልሄድም ብለው ቆሙ።

«ይህችው ደራሲ ሌላ መጽሐፍ የላትም?»

ሁለተኛው መጽሐፍ ከፊታችን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«አላት» አልኩ፣ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ እየቆለፍኩበት። «ግን ለእርስዎ ቁም ነገር የለውም።»